መንገዱ ከቤቱ ሲቀድም፦ የከተሞች መስፋፋት፣ ፕላንና የነዋሪዎች እንቅስቃሴ

በከተማ ዳር በሚገኝ የበቆሎ ማሳ ላይ አንድ ቀን ቀለም የተቀባ ችካል ይተከላል። ለባለማሳው ችካሉ የሥጋት ምልክት ነው። በከተማዋ መሐል ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀው ነዋሪ ደግሞ ችካሉ መተከሉን እንኳ አያውቅም። ይሁን እንጂ የሁለቱም የነገ ሕይወት የሚወሰነው በዚያ ችካል ነው። ችካሉ በጊዜው፣ በትክክለኛው ቦታና በሕግ አግባብ ከተተከለ አርሶ አደሩ ተገቢውን ካሳ ያገኛል፤ ነዋሪውም ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሄድበት መንገድ ይኖረዋል። ካልተተከለ ወይም ቤት ከተሠራ በኋላ ከተተከለ ግን ሁለቱም ይጎዳሉ።

በፍጥነት በሚያድጉ ከተሞች የሚታየው የትራንስፖርት ችግር ብዙውን ጊዜ የተሽከርካሪ እጥረት ወይም የአስፋልት ጥራት ጉድለት ብቻ ተደርጎ ይታያል። መነሻው ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ለመንገድ የሚሆነው መሬት ቤት ከመሠራቱ በፊት ተለይቶ ካለመጠበቁ ይመነጫል።

የከተሞች ዕድገት ምን ያህል ፈጣን ነው?

ኢትዮጵያ ከሕዝቧ አብዛኛው በገጠር የሚኖርባት አገር ናት። ከተሞቿ ግን በፍጥነት እያደጉ ነው። የዓለም ባንክ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2015 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በ2012 15 ነጥብ 2 ሚሊዮን የነበረው የአገሪቱ የከተማ ነዋሪ በ2037 ወደ 42 ነጥብ 3 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ተተንብዮ ነበር። ጥናቱ ዓመታዊ ዕድገቱን 3 ነጥብ 8 በመቶ አድርጎ ገልጾታል። በዚህ ፍጥነት የሚያድግ ከተማ የነዋሪው ቁጥር በ19 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል።

ባሕር ዳር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1986 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 96 ሺህ 140 ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ 155 ሺህ 428 ደረሰ። በ13 ዓመት ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በዘንዘልማ፣ በመሸንቲና በሌሎችም አቅጣጫዎች መስፋፋቷን ቀጥላለች።

የነዋሪው ቁጥር እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው መሬት ብዙውን ጊዜ ከእጥፍ ይበልጣል። የትምህርት ቤት፣ የጤና ተቋም፣ የገበያ፣ የፋብሪካና የመናኸሪያ ቦታ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር አብሮ ስለሚጨምር ነው። ይህ መሬት የሚመጣው በዋናነት ከከተማው ዳር ካለው የእርሻ ማሳ ነው። ስለዚህ የከተማ ፕላን የከተሜው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአርሶ አደሩም ጉዳይ ነው።

መጨናነቅ እንዴት ይፈጠራል?

በከተማ ዳር ያለ መሬት በፕላን ሳይመራ ሲቀር የሚከተለው ሂደት ተመሳሳይ ነው። አርሶ አደሩ መሬቱ አንድ ቀን ለከተማ መስፋፋት እንደሚወሰድ ይሰማል። መቼ እንደሚወሰድ፣ ምን ያህል ካሳ እንደሚከፈለው ግን የሚነግረው የለም። በዚህ መሐል መሬት ፈላጊ ይመጣል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሠረትም የከተማ ቦታ የሚገኘው በሊዝ፣ ይኸውም በጨረታ ወይም በምደባ ነው። ይሁን እንጂ ሥጋት ያደረበት አርሶ አደርና ቤት ያጣ ነዋሪ በድብቅ ይስማማሉ። ቦታው ተሸንሽኖ ይከፋፈላል፤ ቤቱም በሌሊት ይቆማል። ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» ያለው ለዚህ ነው።

ቦታውን የሚሸነሽን ሰው ለመንገድ ብሎ ሰፊ መሬት አይተውም። ለአንድ ሰውና ለአንድ አህያ የሚበቃ መተላለፊያ ከተረፈ በቂ ነው ብሎ ያስባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በዚያ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ብዙ አባወራዎች ይሰፍራሉ። የእሳት አደጋ መኪና አይገባም። ምጥ የያዛት እናት ወደ አምቡላንስ የምትደርሰው በቃሬዛ ነው። ባጃጁ ከዋናው መንገድ ላይ ተሳፋሪውን አውርዶ ይመለሳል። የውኃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚያልፍበት ቦታ ይጠፋል። በክረምት ጎርፉ መውረጃ ቦይ ስለማያገኝ ወደ ቤቶቹ ወይም ወደ ቀሪው ማሳ ይገባል።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ መንገድ ለማውጣት ቤት ማንሣት ግድ ይላል። በባዶ ማሳ ላይ በሰብል ካሳ ያልቅ የነበረው ሥራ የቤት፣ የግቢ፣ የምሰሶና የቧንቧ ወጪ ይጨመርበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ከጎረቤቱ፣ ከዕድሩና ከልጆቹ ትምህርት ቤት ይለያል። ሕገ ወጥ ግንባታ ሲፈርስ የሚጎዳው ያለውን ጥሪት ሁሉ በዚያ ቤት ላይ ያፈሰሰው ድሃ ነው። መንገድን የማዘግየት ዋጋ የሚከፈለው እንዲህ ነው።

ከባሕር ዳር የሚገኝ ትምህርት

የባሕር ዳር ከተማ መሐል ከብዙ ከተሞች የሚለየው በሰፋፊና ዘንባባ በተተከለባቸው ጎዳናዎቹ ነው። ይህ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ከተማዋ ገና ትንሽ ሳለች፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ማክስ ጉተር ማስተር ፕላን አዘጋጅተውላት ነበር። ዋና ዋና ጎዳናዎች የተለዩት ቤቶች ከመብዛታቸው በፊት ነው። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ዛሬም ነዋሪው በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ ይጓዛል። ባሕር ዳር በብስክሌት ተጠቃሚነት ከሚታወቁ የአገራችን ከተሞች አንዷ የሆነችውም መሬቷ ሜዳማ ከመሆኑ ባሻገር መንገዶቿ ለብስክሌተኛ የሚሆን ስፋት ስላላቸው ነው።

በአንጻሩ የዓባይ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። ከ60 ዓመታት በላይ ከተማዋ በወንዙ ማዶ እየሰፋች ስትሄድ መሻገሪያው አንድ ጠባብ ድልድይ ነበር። ወደ ጎንደር የሚሄደው ከባድ መኪና፣ ለገበያ እህል የጫነው ጋሪ፣ ተማሪውና ብስክሌተኛው በዚያው ድልድይ ላይ ይገናኙ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከተሽከርካሪ መስመሮቹ በተጨማሪ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተዘጋጅቶለታል።

ድልድዩ መተላለፊያውን አስፍቷል። ሆኖም ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰፈር ሰፊ መንገድ ከሌለው መጨናነቁ ከድልድዩ ወደ ሰፈሩ መግቢያ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። አንድ ትልቅ ግንባታ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው በዙሪያው የመንገድ መረብ ሲኖር ነው።

የአንድ ኪሎ ሜትር መረብ

በ2005 ዓ.ም. ገደማ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማና መቀሌ ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር የከተማ መስፋፋት ዕቅድ ማዘጋጀት ጀምረው ነበር። አሠራሩ ቆየት ብሎ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞችም ተስፋፍቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከተማው ለመጪዎቹ 30 ዓመታት የሚያስፈልገውን መሬት በሐቅ ያሰላል። ይህ መሬት በከተማው የአስተዳደር ወሰን ውስጥ እንዲካተት ያደርጋል። ከዚያም የዋና ዋና መንገዶችን መስመር በመሬት ላይ ይለያል፤ መገንባት የሌለባቸውን ረግረጋማ ቦታዎች፣ የወንዝ ዳርቻዎችና ሌሎች ክፍት ቦታዎችም ይከልላል። አስፋልቱ ዛሬ መሠራት የለበትም፤ ዛሬ መጠበቅ ያለበት መሬቱ ነው።

ዋና ዋና መንገዶቹ እስከ 30 ሜትር የሚደርስ ስፋት ኖሯቸው በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት እርስ በርስ እንዲቋረጡ ይደረጋል። ይህ ልኬት የተመረጠው በምክንያት ነው። በሁለት ትይዩ መንገዶች መካከል ያለው ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር ከሆነ ማንኛውም ቤት ከአንዱ ዋና መንገድ ከ500 ሜትር በላይ አይርቅም። ይህም በእግር የሰባት ደቂቃ ያህል መንገድ ነው። አውቶቡስ ወይም ታክሲ በዋና መንገዶቹ ከተመላለሰ ነዋሪው ሁሉ በእግሩ ሊደርስበት ይችላል።

የሚወስደው መሬት ምን ያህል ነው? አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሔክታር ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ የሚያርፈው የዋና መንገድ ርዝመት በአማካይ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ 30 ሜትር ስፋት ካለው የሚይዘው 6 ሔክታር ወይም 24 ጥማድ ገደማ ነው። ከመቶ ስድስት እጅ ብቻ መሆኑ ነው። በመንገዶቹ መካከል ያለው ቀሪ መሬት ከተማው እስኪደርስበት ድረስ መታረሱን ሊቀጥል ይችላል።

ቀሪው መሬት ለግንባታ ሲውል ደግሞ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ይጨመራሉ። በአገራችን የከተማ ፕላን ዝግጅት የሚሠራበት መርሕ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል የሚያዝዝ ነው።

ሰው በምን ይንቀሳቀሳል?

መንገድ ሲታቀድ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ማን ይሄድበታል?» የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙው ጉዞ በእግር ነው። በአዲስ አበባ እንኳ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ የሚበልጡት የእግር ጉዞዎች ናቸው። በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከልም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ለመኪና ብቻ ታስቦ የተሠራ መንገድ አብዛኛውን ሕዝብ ያላገናዘበ ነው።

በክልል ከተሞች ከእግር ቀጥሎ ብዙውን ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው። ባጃጅ በጠባብ መንገድ ይገባል፤ ጥቂት ሰው ይዞም ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን የሚይዘው ሰው ትንሽ በመሆኑ ብዙ ተጓዥ ባለበት ዋና መንገድ ላይ ሲበዛ ራሱ የመጨናነቅ ምክንያት ይሆናል። ዋና መንገዶችን ለአውቶቡስና ለሚኒባስ፣ የሰፈር መግቢያዎችን ለባጃጅ መመደብ የሚቻለው ግን ሁለቱም ዓይነት መንገድ ሲኖር ነው።

የከተማ ዳር አርሶ አደርም ተጓዥ ነው። ወተት፣ አትክልትና ድርቆሽ በየዕለቱ ወደ ከተማ ይገባል። ከብቶች ወደ ግጦሽና ወደ ውኃ ይነዳሉ። ፕላን አውጪው የጋሪ፣ የአህያና የከብት መተላለፊያን ከዘነጋ እነዚህ ሁሉ ከከባድ መኪና ጋር በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። የገበያ ቦታ ከዋና መንገድ ጋር ካልተገናኘም ጉልቱ የእግረኛውን መንገድ ይይዛል፤ እግረኛውም ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል።

የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ሞተር አልባ ትራንስፖርትን ለማስፋፋት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ንቅናቄም ጎዳናዎችን ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነጻ በማድረግ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ትኩረት እንዲሰጥ አነሣሥቷል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተዳረሰው የኮሪደር ልማትም የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን ያካትታል። እነዚህ ሥራዎች በተሠራ ከተማ ውስጥ የሚከናወኑ ናቸው። በአዲሱ የከተማ ዳር ግን ያንኑ መንገድ ከጅምሩ፣ ያለ ቤት ማፍረስ ማግኘት ይቻላል።

ፕላኑ የሕዝብ ሰነድ ነው

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በከተማ ደረጃ ሁለት ዓይነት ፕላን እንዲኖር ይደነግጋል። የመጀመሪያው መዋቅራዊ ፕላን ነው። የከተማውን የዕድገት አቅጣጫ፣ ዋና ዋና የመሬት አጠቃቀሞችን፣ የመንገድና የሌሎች መሠረተ ልማቶችን አቀማመጥ ይወስናል፤ የሚያገለግለውም ለአሥር ዓመት ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ይህ መዋቅራዊ ፕላኑን በተወሰነ ሰፈር ላይ በዝርዝር የሚያውል ነው።

አዋጁ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል። ይህ መድረክ እንደ ተራ ስብሰባ ሊታይ አይገባም። በካርታው ላይ የተሠመረች አንዲት መስመር በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ግቢና በየትኛው ምንጭ ላይ እንደምታልፍ አስቀድሞ የሚታወቅበት ጊዜ ይህ ነው። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ መስመሩን ማስለወጥ እጅግ ይከብዳል። በክረምት ውኃ የሚተኛበትን ቦታና ከብት የሚያልፍበትን መንገድ ከባለሙያው ይልቅ የሚያውቀው በዚያ የኖረው አርሶ አደር ነው። አስተያየቱም ለፕላኑ ጥራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መሬቱ ሲፈለግ የአርሶ አደሩ መብት

መንገድ አስቀድሞ ይለይ ማለት መሬት ያለ ካሳ ይወሰድ ማለት አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታና ስለካሳ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የሚከተሉትን ዋና ዋና ነጥቦች ይዟል።

አንደኛ፣ የሚነሣው ባለይዞታ መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለልማቱ እንዲያውቅና እንዲመክር ይደረጋል። መሬቱ በአስቸኳይ ከተፈለገ ጊዜው ሊያጥር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ባለይዞታው በመሬት አጠቃቀም ፕላኑ መሠረት መሬቱን በግል ወይም በቡድን ለማልማት አቅሙና ፍላጎቱ ካለው ቅድሚያ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ መሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረትና ለተደረገው ቋሚ ማሻሻያ ካሳ ይከፈላል።

አራተኛ፣ የገጠር መሬት በቋሚነት ሲወሰድና ምትክ መሬት ሳይሰጥ ሲቀር የልማት ተነሺ ካሳ ይጨመራል። ስሌቱም ከመነሣቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ ነው። በቀድሞው የ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ግን የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ይባዛ ነበር።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ አርሶ አደር የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ 45 ሺህ ብር፣ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የተሻለው ደግሞ 60 ሺህ ብር ነው እንበል። በቀድሞው ስሌት 450 ሺህ ብር፣ በአዲሱ 900 ሺህ ብር ያገኛል። ከዚህም አርሶ አደሩ ምርቱንና ገቢውን በየዓመቱ መዝግቦ መያዙ ምን ያህል እንደሚጠቅመው መረዳት አያዳግትም። የመስኖ ጉድጓድ፣ ቋሚ ተክልና አጥርም በዝርዝር መመዝገብ አለባቸው።

አምስተኛ፣ በውሳኔው ወይም በካሳው ቅር የተሰኘ ባለይዞታ ትዕዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል። ቀነ ገደቡ ካለፈ መብቱን ሊያጣ ስለሚችል ትዕዛዙ የደረሰበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል።

የዚህ አዋጅ የተወሰኑ አንቀጾች ከዚያ ወዲህ ስለተሻሻሉ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው በሥራ ላይ ያለውን አሠራር ከወረዳው ወይም ከከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይገባዋል።

ምን መጠየቅ ይገባል?

በከተማ ዳር የሚኖር አርሶ አደር ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። ማሳዬ በመዋቅራዊ ፕላኑ ውስጥ ተካቷል? የታቀደው ለመንገድ፣ ለመኖሪያ ወይስ ለአረንጓዴ ቦታ ነው? መንገዱ በመቼ ዓመት ይሠራል? በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሬ ላይ ያለው ስፋትና አዋሳኝ በመሬት ላይ ካለው ጋር ይስማማል? መሬቱ ከመወሰዱ በፊት የደብተሩን ስሕተት ማስተካከል ከተወሰደ በኋላ ከመከራከር ይሻላል።

ቦታ የሚፈልግ የከተማ ነዋሪም በቅድሚያ ቦታው ሕጋዊ መሆኑን፣ በፕላኑ ላይ በመንገድ መስመር ላይ አለመውደቁን ማረጋገጥ አለበት። በርካሽ የተገኘ የጨረቃ ቤት ቦታ በሚፈርስበት ቀን ከሁሉ የተወደደ ይሆናል። ሕጋዊ ቤት ያለው ነዋሪም ከአጥሩ ውጪ ያለውን የመንገድ ወሰን ባለመድፈር፣ የውኃ መውረጃ ቦይን በቆሻሻ ባለመድፈን ድርሻ አለው።

የከተማ አስተዳደሮች ድርሻ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ፕላኑ በቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ጥቅም የለውም። የመንገዱ መስመር በችካል መሬት ላይ መታየት፣ ካሳው በወቅቱ መከፈል፣ የተለየው መሬትም ከሕገ ወጥ ግንባታ መጠበቅ አለበት። ካሳው ሲዘገይና መረጃው ሲደበቅ አርሶ አደሩ ወደ ድብቅ ሽያጭ ይገፋል፤ የመንገዱም መሬት በቤት ይሸፈናል።

ዛሬ በቆሎ የበቀለበት ማሳ ከሃያ ዓመት በኋላ ሰፈር ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰፈር የሚያድገው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት በሰፊ የእግረኛ መንገድ ይሂድ ወይስ በጭቃ መተላለፊያ የሚለው ያን ጊዜ የሚወሰን አይደለም። የሚወሰነው ማሳው ገና ማሳ ሳለ፣ ዛሬ ነው።